ነፋስ እንዳይነካው

ባለፈው ሳምንት የአልጋ ብረት የእግሬን ጣት መታኝና ቆሰልኩ። በእኔ ዕድሜ ትንሽ ቁስልም ቶሎ አይድንምና ልጄ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ገና ወጣት ናት። አጠበችልኝ፣ መድኃኒት ቀባችልኝ። አሁን በፋሻ ትጠቀልልልኛለች ብዬ እግሬን ስዘረጋ ጓንቷን አወለቀች።

«አለቀ?» አልኳት።

«አለቀ አባባ። አይሸፈን፤ አየር ያግኘው።»

ልጄ ደግፋ አስነሳችኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። «ምነው? አመመህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ምን ብዬ ልንገራት? ስለ አጎቷ ስለ ንጉሤ የምታውቀው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እኔም ብሆን ነገሩን ከየት ጀምሬ የት እንደምጨርሰው አላውቅም። ቁስል አየር ያግኘው ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት አሰብ ነበር። ያኔ ጨርሶ አልገባኝም።

ጊዜው የፌዴሬሽኑ ዘመን ነው። እኔ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወንድሜ ንጉሤ ዘንድ አሰብ እወርዳለሁ። ሰው ሁሉ በክረምት ልብስ ይደርባል፤ እኔ ከባቲ ጀምሬ እያወለቅሁ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ኤሊዳር ላይ ሸሚዙ። ባሕሩ ከመታየቱ በፊት ሽታው ይደርሳል። ጨው፣ ዓሣ፣ የናፍጣ ጭስ፣ ከወደቡ መጋዘን ደግሞ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ቆዳ።

ንጉሤ የሚሠራው እዚያ ቆዳው ጋ ነበር፤ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ነው። ከእኔ በዐሥር ዓመት ይበልጣል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ዝምታ አይችልም። ሲበላም ያወራል፣ ሲላጭም ያወራል፤ ስለዚህ አገጩ ላይ የምላጭ ጭረት ጠፍቶ አያውቅም።

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ሌላው ሲምታታብኝ ያ ቀን ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል። ጠዋት ግቢው ውስጥ ከተዘረጉት የገመድ አልጋዎች ላይ ተነሣን። በአሰብ በጋ ማንም ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ቤቱ ምድጃ ነው። እኔ ክረምት የምለውን እነሱ በጋ ይሉታል፤ ይህም ያምታታኝ ነበር። ሻይና ትኩስ ዳቦ ቀመስን፤ ከዚያ «ና ሥራዬን እይ» ብሎ ወደቡ ይዞኝ ሄደ።

መጋዘኑ ውስጥ የቆዳ እስር እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ጸጉሩ፣ የበረቱ አፈር፣ የደረቀው እበት ሳይቀር ከደጋ አብሮት ወርዷል። ወዛደሮቹ እስሩን በሜንጦ እየወጉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጎትቱታል። ሜንጦ ማለት የእንጨት እጀታ ያለው የብረት መንጠቆ ነው፤ ጫፉ እንደ መርፌ ሹል። አንዱ እስር ከታች ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። ንጉሤ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ወዲህ በለው» አለ ለአንድ ጢማም የአፋር ወዛደር።

«ተው አለቃ። ላንተ እርሳስ ይሻልሃል።»

«ሂድ! አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ሜንጦ የያዝኩት።»

«ሳልወለድ? ወላሂ፣ ይኼን ሽበት ከገበያ የገዛሁት መሰለህ?»

ሁሉም ሳቁ፤ ንጉሤም እየሳቀ ሜንጦውን ወግቶ ወደ ኋላ ጎተተ። ገመዱ ተበጠሰ። ሜንጦው ከእስሩ ወጥቶ ጭኑ ውስጥ ገባ። ራሱ ነው ነቅሎ ያወጣው። ሱሪው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ታየች። ደም እንኳ ብዙ አልወጣም። ወዛደሩ ሐኪም ቤት ሂድ ቢለው፣ «ለዚች? ስላጭ ከዚህ የበለጠ ይደማኛል» አለ። ምሳ እያነከሰ ሄደን ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ በላን። እሾሁን ለእኔ እየለቀመ ያወራ ነበር። እንግዲህ ደህና ቀን የምለው ይህን ነው።

ማታ ላይ ጭኑ ይጠዘጥዘው ጀመር። እትዬ አስካለ መጣች። የግቢ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ቴሌግራም ቤት ይሠራል፤ ልጅ ስላልወለደች ነው መሰለኝ ንጉሤን እንደ ታናሽ ወንድም ትቆጣዋለች፣ ታበላዋለች። ቁስሉን በሞቀ ውኃ አጠበችው። ከዚያ የተነጠረ ቅቤ አለስልሳ ቀዳዳውን ሞላችው፤ በላዩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። ንጉሤን ከግቢው አልጋ አስነሥታ ቤት አስገባችው። መስኮቱን ዘጋች፤ በሩ ላይ አንሶላ ሰቀለች።

«እት አስካለ፣ ልትቀቅይኝ ነው እንዴ?» አላት።

«ዝም በል። ነፋስ ቢመታውስ? ይኼ የባሕር ነፋስ እንኳን ቁስል ደህና ሰውም ይጥላል።»

ማንኛችንም ተሳስታለች አላልንም። አገራችን እንደዚያ ነው የሚደረገው። ቁስል ነፋስ እንዲነካው፣ ሽታም እንዲደርሰው አይፈቀድም፤ ያመረቅዛል። ከፀሐይ የመጣ ሰው ቀጥ ብሎ ቁስለኛ ዘንድ አይገባም፤ ደጅ ቆሞ ላቡን ያደርቃል። ደጋን ለቀን ወደ በረሃ ስንወርድ ይህን ይዘነው ወርደናል። ያን ሰሞን የአሰብ ሰው በሙሉ ውጭ ተኝቶ ነፋስ ሲለምን፣ ወንድሜ ብቻ በተዘጋ ቤት ውስጥ ያልበው ነበር።

ዓርብ ዕለት ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። ቀዳዳዋ እንደነበረች ትንሽ ናት፤ መግል የላትም፤ ሕመሙ ግን ሌላ ነው። ንጉሤ ትራሱን ነከሰ። ጭኑ አብጦ ቆዳው ተወጠረ፤ መልኩ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ወደ መዳብ ቀለም ሄደ። ትኩሳቱ ግን ያን ያህል አልነበረም፤ አእምሮውም ንቁ ነው፤ ይቀልዳል።

«እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እሳት አንድዱና ጋግሩኝ» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ሰይድ ሊጠይቁት መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ጥግ ላይ ሱቅ አላቸው። ስኳር፣ ክር፣ ፋኖስ፣ ከኤደን የሚመጣ ሽቱ ይሸጣሉ። ከንጉሤ ጋር ዳማ ሲጫወቱ የሚሰዳደቡት ስድብ ሰፈሩን ያስቅ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ስለመጡ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ሽቱ ተቀብተዋል። ደጅ ቆመው ላባቸውን አድርቀው ገቡ፤ እሱን አልዘነጉም። ሽቱውን ግን ዘነጉት።

አንሶላውን ገልጠው ሲገቡ ቤቱ ውስጥ አንድ ጣፋጭም ግማትም የሆነ ሽታ ነበር። ቀደም ብሎም ነበር እንዴ? እኔ ጋሽ ሰይድ ሲገቡ ነው ያወቅሁት። እትዬ አስካለም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ብድግ አለች።

«ምን ነካዎት ጋሽ ሰይድ! ሽቱ ተቀብተው ቁስለኛ ዘንድ ይገባሉ?»

ሰውየው ደነገጡ። «አዑዙ ቢላህ! ረሳሁት፣ አስካለ። ረሳሁት በአላህ!»

«ይውጡ! ይውጡ ከዚህ! ይኸው አመረቀዘ፣ ይኸው ገማ!»

«ተያቸው፣ የዳማ ዕዳ ፈርተው ነው ሊገድሉኝ የመጡት» አለ ንጉሤ። እንዲስቁለት ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ወጡ። ግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ በአንሶላው ቀዳዳ አየኋቸው።

እትዬ አስካለ ጨርቁን ለመለወጥ ጭኑን ስትነካ እጇ ቆመ። «ና እስቲ ንካው» አለችኝ። ነካሁት። ከቆዳው በታች የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ በጨው ማምረቻው ዳር ስንሄድ የጨው ቅርፊት ከእግር በታች እንደሚሰበረው ዓይነት። ሮጬ ወጥቼ ከጋሽ ሰይድ ጋር መኪና ፈለግንና ሐኪም ቤት አደረስነው።

ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ አማርኛ ይናገራሉ። ጭኑን በጣታቸው ተጫኑት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት። ወዲያው ጨርቁን ቆርጠው ጣሉት፤ እኛን አስወጡ። ስንመለስ ጭኑ ከላይ እስከ ታች ተተልትሏል። ጡንቻው የተቀቀለ ሥጋ መስሏል፤ ከውስጡ አረፋ ይወጣል። ይህ ሁሉ ተከፍቶ ፋሻ የሚባል ነገር የለበትም።

«ለምን አይሸፈንም?» አልኩ።

«አየር ያግኘው» አሉ ሐኪሙ። «እሑድ አውሮፕላን አለ። እስከዚያ ከቆየ አዲስ አበባ እንልከዋለን። አንዴ መበስበሱ ወገቡ ጋ ከደረሰ ግን እኔ የምቆርጠው ነገር የለኝም።»

ስለዚህ የምንጠብቀው እሑድን ሆነ። እትዬ አስካለ ሐኪሙ ሲወጡ ነጠላዋን አውልቃ ቁስሉ ላይ አለበሰችው። ሐኪሙ ተመልሰው ገፈፉት። ሲሄዱ ደግማ አለበሰችው። «ለጅብ እንደተጣለ ሥጋ ክፍቱን ይተዉታል?» እያለች ታለቅሳለች። ሐኪሙ ተቆጡ። እኔ መካከል ላይ ቆሜ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አያለሁ። በትምህርት ቤት አስተማሪያችን ሻማ አብርቶ ብርጭቆ ደፍቶበት ሲጠፋ አሳይቶናል፤ «ሕይወት ያለው ሁሉ እንደዚሁ ነው፣ አየር ካጣ ይሞታል» ብሎናል። ቁስሉን ያበላሸው ሕይወት ያለው ጀርም ከሆነ፣ አየር ማግኘት ለጀርሙ ምግብ አይሆንም? እትዬ አስካለ ከአስተማሪዬ ጋር የተስማማች መሰለኝ። ሐኪሙ ብቻቸውን ቀሩ።

ንጉሤ ይህን ሁሉ ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት መሬት የመሰለ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«አንተ ተማሪው፣ ማን ነው ትክክል?»

«አላወቅሁም ወንድም ጋሼ።»

«ጎበዝ» አለ። «የማያውቁትን አላውቅም ማለት ጥሩ ነው። እኔ ብሆን አንዱን እመርጥ ነበር።» ትንሽ ዝም አለ፤ ያልለመደበትን። ከዚያ «ሰይድን አምጡልኝ፤ ምን አስቀየማቸው?» አለ። ሰው ልከን ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ግን ቁስለኛ ዘንድ ሁለተኛ አልገባም ብለው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቀሩ። ንጉሤ ከቀትር በፊት ሞተ። በዚያ ሙቀት አስከሬን አይቆይም፤ በዚያው ዕለት ቀበርነው። ለእናቴ የሚላከውን ቴሌግራም የአስካለ ባል ጻፈው።

እሑድ ጠዋት ልብሱንና ጫማውን ልወስድ ሐኪም ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳለሁ አውሮፕላኑ ከላዬ ዝቅ ብሎ ወደ ማረፊያው አለፈ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ሐኪሙ ልብሱን ሰጥተውኝ ሲያበቁ፣ «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ስትጠይቀኝ ጊዜ አልነበረኝም። ና» አሉኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የመስታወት ቱቦና አንድ ዝርግ ሰሐን አለ። ከንጉሤ ቁስል የተወሰደ ጠብታ ሁለቱም ውስጥ ከፈላ ወተት ጋር እንደተደረገ ነገሩኝ። ሰሐኑ ላይ ያለው ወተት ስስ ሆኖ ተዘርግቶ አየር አግኝቷል፤ እንደነበረ ነው፣ ምንም አልሆነም። ቱቦው ውስጥ ያለውን ግን በላዩ ሰም አፍስሰው ከአየር ዘግተውታል። እሱ ወተት ረግቶ፣ የረጋው ተበጣጥሶ፣ ማዕበል የመታው ይመስል ተተራምሷል። ሰሙን ከታች ገፍቶ ወደ ቱቦው አፍ አውጥቶታል።

«ማን ገፋው?» አልኩ።

«ጀርሙ። አየር ይጠላል። አየር በሌለበት ሲበላ ጋዝ ያወጣል፤ ሊጥ ኩፍ እንደሚለው። በሰው ሥጋ ውስጥ ያ ጋዝ ጡንቻውን እየሰነጠቀ ይሄዳል፣ ደም የሚያልፍበትን ይጨፈልቃል። ደም ካላለፈ አየር አይደርስም። አየር ካልደረሰ ደግሞ ለእሱ ሠርግ ነው፤ ይበዛል፣ መርዙም ይበዛል። ቤቱን ራሱ ይሠራል ማለት ነው።»

«ሽታውስ?»

«የእሱ ነው። ከውስጥ ነው የወጣው።»

ሰሙን አየሁት። ማንም ሳይነግረኝ የተነጠረው ቅቤ ታየኝ፤ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረው ጨርቅ፣ የተዘጋው መስኮት። ሐኪሙ ቅቤውን አላነሡም። እኔም ቅቤ ነበረበት ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጨርቁን ሲቆርጡ አይተውታል። አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ጋሽ ሰይድ የሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል፤ ሱቁ ዝግ ነው። ለቅሶ ቤቱ ከእሳቸው ሠላሳ እርምጃ አይርቅም፤ ግን አልገቡም። ጢማቸው ተበጥሯል፤ ልብሳቸው ተራ ነው። ምንም ምንም አይሸትም።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አንተ የተማርክ ነህ። ከሐኪሙ ዘንድ ነው የመጣኸው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በእኔ ሽቱ ነው?»

«አይደለም ጋሽ ሰይድ።»

«ለእኔ አዝነህ አትበል።»

«አይደለም። ሽታው ከውስጥ የመጣ ነው። በዓይኔ አሳዩኝ።»

ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ክንዳቸውን ያዝኩና ጎተትኩ። «እንግባ» አልኳቸው። እምቢ አሉ። «አስካለ አለች፤ ነገር አላነሣም» አሉ። ነጻ መሆናቸው ለሰው ሳይነገር መግባት እንደማይችሉ ገባኝ፤ ይህን ብናገር ደግሞ ጥያቄው ወዴት እንደሚዞር ገባኝ። ቢሆንም ክንዳቸውን አልለቀቅሁም።

ድንኳኑ ውስጥ የወደቡ ሰዎች፣ የቴሌግራም ቤት ሰዎች ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሳ ምንጣፉ ጥግ ላይ ናት። ጋሽ ሰይድን ስታይ ፊቷን አዞረች። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ «የሽቱው አይደለም። ሐኪሙ አሳይተውኛል፤ የሜንጦው ጀርም ነው» አልኩ። ያ ጢማም ወዛደር ራሱን ነቀነቀ።

እትዬ አስካለ ቀስ ብላ ዞረች። እኔን ሳይሆን ጋሽ ሰይድን ነው መጀመሪያ ያየችው። «ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ስል ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ቅቤውስ?»

አይደለም ብላት ነገ የሌላውን ቁስል በዚያው እጇ ትደፍነዋለች። ነው ብላት ደግሞ... እንዴት ብዬ? «እትዬ» አልኳት፤ «ከእንግዲህ ሰው ሲቆስል ክፍቱን ተዪው ብለዋል ሐኪሙ።»

ገባት። እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ታየው ጀመር። ከአጠገባችን የቆሙት ጋሽ ሰይድ ሰምተው ኖሯል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አስካለ፣ እኔም ብሆን የማደርገው ያንኑ ነበር። እናቴ ስትሠራ ያየሁት እሱን ነው» አሏት። እሷ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻቸው፤ እስከ ማታ እዚያው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ጠይቄአለሁ። አንዱ የሜንጦ ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ቅቤም ባይገባበት ሥጋው ራሱ ይዘጋው ነበር አለኝ። ሌላው በዚያው ሐሙስ ተከፍቶ ቢታጠብ ይድን ነበር አለኝ። ሁለቱም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ሁለቱንም አምኜ ወጣሁ። የአስካለ ባል በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ እሷን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ስለ ቅቤው ዛሬ ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም። አብሬያት እንደምቀመጥ ብቻ አውቃለሁ።